ጎማው ለምን ፈነዳ?

ለዚህ እትም ስለ መኪና ጎማ ልጽፍ ነው ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው የሳቁብኝ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "ምነው፣ ፍቅር አለቀ እንዴ?" አለኝ አንዱ። እውነቱን ነው፤ የቡለቲናችን ገጾች በፍቅር፣ በፈተና ዋዜማና በካፌ ሻይ የተሞሉ ናቸው። እኔም ብሆን ባለፈው ስለ ታክሲ ሰልፍ ጽፌ "ጥሩ ነው" ተብዬ ነበር። ዘንድሮ ግን ሳስበው ከፍቅርም ከሰልፍም ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ጎማ ሆኖ አገኘሁት። ምን ላድርግ?

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት በዜና አጻጻፍ ኮርስ መምህራችን የልምምድ መረጃ በወረቀት አባዝተው ሰጡን። ቀን፣ ቦታ፣ የተሽከርካሪ ዓይነት፣ የተጎጂዎች ብዛት አለበት፤ ከዚያ ተነስተን የአደጋ ዜና እንድንሠራ ነው። እኔ በአሥር ደቂቃ ጨርሼ አስረከብኩ። የዜናዬ መግቢያ "አንድ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪ ጎማው ፈንድቶ በመገልበጡ..." እያለ የሚቀጥል ነበር፤ ሬዲዮ ላይ እንደምንሰማው ማለት ነው። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ግን በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ሰፍራበታለች፦ "ለምን?"

ተናደድኩ። ምክንያቱን ጽፌ የለም እንዴ? ጎማው ስለፈነዳ ነዋ! ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ስከራከር መምህሩ ፈገግ አሉና "ጎማ ዝም ብሎ አይፈነዳም። የሹፌር ልጅ አይደለሽም? አባትሽን ጠይቂያቸው" አሉኝ።

አልጠየቅኩትም። የጠየቅኩት የራሱ ጎማ ሲፈነዳ ነው።

አባዬ የላዳ ታክሲ ሹፌር ነው። ውሎው ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል 6 ኪሎና ፒያሳ ነው፤ ኮንትራት ሲገኝ ደግሞ ከከተማ ይወጣል። ላዳዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ከሞተ ስለቆየ ስንት እንደሄደች የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የኋላ ጎማዎቿ ጥርሳቸው አልቆ እንደ ሰሌዳ ልሙጥ ሆነው ነበርና አባዬ መርካቶ ወርዶ ሁለት ጎማ ይዞ መጣ። ያገለገሉ ናቸው። ጥርሳቸው ግን አያሳማም፤ ጥቁር ቀለም ተቀብተው ያብረቀርቃሉ። "እየው፣ እንዳዲስ ነው! ዋጋው ግን የአዲሱ ግማሽ አይሞላም" ብሎ በኩራት ጥርሱን በአውራ ጣቱ እየጫነ አሳየኝ። እኔም አብሬው ተደሰትኩ። ጎማ የሚገመተው በጥርሱ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እሱም እንደዚያው።

በጋው በሰላም አለፈ። ግንቦት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አባዬ ሦስት ደንበኞች ከነሻንጣቸው ጭኖ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ወረደ። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። "ደህና ነኝ። ጎማ ፈንድቶብኝ ነው" አለኝ። እስኪ አስቡት፤ ሬዲዮ ላይ የምንሰማው፣ እኔም በአሥር ደቂቃ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ነው። አባቴ አፍ ውስጥ ስሰማው ጉልበቴ ከዳኝ።

የፈነዳው የኋላ ቀኝ ነው። አባዬ በድንጋጤ ፍሬን ቢረግጥ ኖሮ መኪናዋ ትዞርበት ነበር፤ እሱ ግን መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳና ራሷ ፍጥነቷን እስክትቀንስ ጠበቀ፣ ከዚያ ዳር ያዘ። ከ20 ዓመት በላይ መንዳት ለዚህ ለዚህ ይጠቅማል። ደንበኞቹ አንድ ፀጉራቸው አልተነካም። ስኮርት ጎማውም ሙልጭ ያለ ነበርና በዳዴ አዳማ ደረሱ።

ማታ የፈነዳውን ጎማ ከነቸርኬው ግቢ ውስጥ አወረደው። እኔ ፍንዳታ ሲባል እንደ ፊኛ ቀዳዳ የሚኖረው ይመስለኝ ነበር። የዚህኛው ግን ጥርስ ያለበት የላይኛው ሽፋን ከሥሩ ተገንጥሎ፣ የሽቦ ክሮቹ ተንጨባረው ወጥተዋል። ያቺ ቀይ ቃል ትዝ አለችኝ። የስልኬን መብራት አበራሁና ተቀመጥኩበት።

ከጎማው ጎን ላይ ብዙ ጽሑፍ አለ፤ እኛ አናነበውም እንጂ። መጠኑ 175/70 አር 13 ይላል። 175ቱ የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 70ው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት መቶኛ እንደሆነ፣ 13ቱ ደግሞ የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። ሌላ ቦታ "ኤም ፕላስ ኤስ" የሚል ፊደል አለ። ጭቃና በረዶ ማለት ነው፤ ፈረንጆቹ ኦል ሲዝን የሚሏቸው ጎማዎች የሚይዙት ምልክት ነው። በረዶ በሚጥልበት አገር ለበጋ አንድ፣ ለብርድ ሌላ ጎማ የሚቀይሩ አሉ። መቀየር የማይፈልግ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በዚህ ይነዳል። ጎማው ሁለቱንም ይሞክራል፤ አንዱንም ግን እንደ ልዩው ጎማ አይችልበትም። እኛ ዘንድ በረዶው የለም። ክረምት ስንል ዝናብ ማለታችን ነው፤ ስለዚህ ለሽሮ ሜዳ ቁልቁለት የሚያስፈልገው የዚያ ምልክት በረዶ ሳይሆን ውኃውን ከሥሩ ጠርጎ የሚያስወጣ ጥርስ ነው።

ከዚያ ዶት የሚሉትን መስመር አገኘሁ። ከፊደላቱ መጨረሻ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር አለ፦ 3813። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. በ38ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው፤ በእኛ መስከረም 2006 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እኔ ያኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ! አባዬ "እንዳዲስ" ብሎ የገዛው ጎማ 11 ዓመት አልፎት ነበር። ብዙ የመኪና አምራቾች ጥርሱ ቢኖርም ባይኖርም ጎማ ከ6 ዓመት በኋላ ይቀየር ይላሉ፤ ከጎማ አምራቾች ደግሞ 10 ዓመትን የመጨረሻ ገደብ የሚያደርጉ አሉ። ጎማ ባይነዳም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር እያደረቁት ይሰነጣጠቃል፤ በውስጡ ጎማውንና ሽቦውን አያይዞ የሚይዘው ነገር ይደክማል። ቀለሙን በቤንዚን ጨርቅ ጠረግ ሳደርገው ከጥርሶቹ ሥር የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች ተደርድረዋል። ቀለሙ የተቀባው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ታዲያ ዕድሜው ብቻ ነው ያፈነዳው? እዚህ ላይ አባዬም ድርሻ አለው (ይህን ሲያነብ እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ)። አባዬ ነፋስ የሚለካው በጫማው ነው። ጠዋት ጠዋት እየዞረ አራቱንም ረገጥ ረገጥ ያደርግና "ደህና ናቸው" ይላል። የአሁን ጎማዎች ግን ነፋሳቸው በጣም ቀንሶም ከውጭ ሲያዩዋቸው ደህና ይመስላሉ። ነፋስ ያነሰው ጎማ እየተንከባለለ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፤ መተጣጠፉ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ ሽፋኑን ያላቅቀዋል። ከሽሮ ሜዳ 6 ኪሎ አጭር መንገድ ስለሆነ ሳይግል ይቆማል። በ85 ኪሎ ሜትሩ የፍጥነት መንገድ ላይ፣ አራት ሰውና ሻንጣ ተጭኖ፣ በግንቦት ፀሐይ ወደ ቆላው ሲወረድ ግን ማረፊያ የለም። በማግስቱ የቀሩትን ሦስቱን ጎሚስታ ዘንድ ስናስለካ ሁለቱ ከሚገባቸው ግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነፋስ ብቻ ነበራቸው። አባዬ ምንም አላለም። ጫማውን ነበር የሚያየው።

የዚያን ሰሞን ለንባብ ከተሰጡን ጽሑፎች አንዱ ስለ ፋየርስቶን ጎማ መሆኑን ሳይ "ይሄ ጎማ እስከ ክፍል ተከተለኝ" አልኩ። ታሪኩ የሙያችን ስለሆነ ባጭሩ ልንገራችሁ። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ ያለው ኬ.ኤች.ኦ.ዩ. የተባለ ቴሌቪዥን ጣቢያ በዘጋቢዋ አና ወርነር አማካይነት አንድ የምርመራ ዘገባ አቀረበ። ፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የተገጠሙ የፋየርስቶን ጎማዎች በጉዞ ላይ ሽፋናቸው እየተገነጠለ ሰው እየሞተ ነው የሚል ነበር። አደጋዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ያው "ጎማ ፈንድቶ ተገለበጠ" ናቸው። ጋዜጠኞቹ ያደረጉት በተበታተኑት ዜናዎች ላይ "ለምን?" የሚለውን ጥያቄ መልሶ መጠየቅ ነው። ከዘገባው በኋላ ተመልካቾች የራሳቸውን አደጋ ለመንግሥት ማስታወቅ ጀመሩ። ነሐሴ ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 9 ቀን፣ ኩባንያው 6 ነጥብ 5 ሚሊዮን ጎማዎች እንዲመለሱ ጠራ። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በመጨረሻ 271 ሞት ከእነዚያ ጎማዎች ጋር እንደሚያያዝ መዝግቧል።

ሁለቱ ኩባንያዎች ከዚያ በኋላ እርስ በርስ ተካሰሱ። አንዱ ጥፋቱ የጎማው ነው ሲል ሌላኛው የመኪናው ነው አለ። ከክርክሩ አንዱ የነፋስ ልክ ነበር፤ ፎርድ ለመኪናው ይመክር የነበረው 26 ሲሆን ፋየርስቶን 30 ነው የሚበጀው ይል ነበር። አራት ቁጥር ልዩነት! በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ስሙ ሲያጥር ትሬድ ይባላል፤ ትሬድ በእንግሊዝኛ የጎማ ጥርስ ያለበት ሽፋን ነው። ዛሬ አዳዲስ መኪኖች ላይ ነፋስ ሲቀንስ የምትበራው ቢጫ መብራት የመጣችው ከዚያ ሕግ በኋላ ነው። የኛ ላዳ እንኳን መብራቷ፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋም የለ።

ይህን ሁሉ ለእማዬ እየተረኩላት በመሃል፣ እሷ ሽንኩርት እየከተፈች፣ "ያኔ እኮ አዲስ ሊገዛ ብር ቆጥሮ ነበር። ያንቺ ላፕቶፕ መጣና..." ብላ ነገሩን ሳትጨርሰው ተወችው። ላፕቶፑ የተገዛው ኅዳር ላይ ነው። ጎማው ታኅሣሥ ላይ። እስከዚያ ቀን ሁለቱን ወራት አገናኝቻቸው አላውቅም ነበር። ይህንንም ጽሑፍ የምጽፈው በዚያው ላፕቶፕ ነው።

ሐምሌ ላይ አባዬ እቁብ ወጣለትና ሁለት አዲስ ጎማ ገዛን። "ገዛን" የምለው ሱቁ ድረስ አብሬው ስለሄድኩ ነው። ሻጩ ስለ ዋጋ ሲያወራ እኔ አጎንብሼ አራቱን ቁጥር እፈልጋለሁ። "እህቴ፣ ምን ጠፋሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። ቁጥሩ የዚያው ዓመት ሆኖ አገኘሁት።

ጎኑ ላይ ትሬድዌር 360 የሚል አለ። ባለሱቁ "ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው" አለን። አይደለም። ይህ የአሜሪካ መለኪያ ነው። በቴክሳስ ሳን አንጄሎ ከተማ አካባቢ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የአውራ መንገድ ዙር አለ፤ የሚፈተነው ጎማ ከማወዳደሪያ ጎማ ጋር በጥቅሉ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳበትና ጥርሱ ምን ያህል እንደተበላ ይለካል። ማወዳደሪያው 100 ከሆነ 360 የተባለው በዚያ መንገድ ላይ ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ይቆያል እንደማለት ነው። የመጨረሻውን ቁጥር ጎማው ላይ የሚያትመው ደግሞ ራሱ አምራቹ ነው። የቴክሳስን አስፋልት ከሰፈራችን ኮብልስቶን ጋር ማን ያወዳድረዋል? ከጎኑ ትራክሽን ኤ የሚልም አለ፤ እሱ የሚለካው በእርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው እንጂ መታጠፊያ ላይ ያለውን አይናገርም። እነዚህ ደረጃዎች የሚሰጡት ለቤት መኪና ጎማ ብቻ ነው። የሚኒባሶቹ ጎማ ከቀላል ጭነት መኪና ተራ ስለሚመደብ ይህ ቁጥር አይኖርበትም። በቀን ስንት ሰው ጭኖ የሚሄደው ጎማ ነው እንግዲህ ያለ ደረጃ የቀረው።

ጎሚስታው ዘንድ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሳ። አዲሶቹ ፊት ይግቡ ወይስ ኋላ? እኔ እንዳነበብኩት የጎማ አምራቾች ኋላ ይሁኑ ነው የሚሉት፤ በዝናብ የኋላው ጎማ ከተንሸራተተ መኪና ትዞራለችና። አባዬ "መሪ ያለው ፊት ነው፤ የፊት ከፈነዳ አለቀልሽ" አለ። ጎሚስታውም ከሱ ወገነ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ፤ አዲሶቹ ፊት ገቡ፣ የፊቶቹ ወደ ኋላ ሄዱ። እነሱ 4 ሚሊ ሜትር ጥርስ ነበራቸው፣ ስለዚህ ብዙም አልተጣላሁም። ከነፋስ መለኪያ ጋር ግን ታረቅን፤ አንዲት ትንሽ መለኪያ ገዝቼለት በየሰኞው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካባታል።

"ይኸው በጋውን ሙሉ ምንም ሳይለኝ" እያለ ስለ ልሙጦቹ ጎማዎች የሚከራከረኝ ነገር ነበረው። እሱም እውነት አለው፤ ችግሩም ያ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ያለቀ ጎማ ጥሩ ይይዛል፤ የውድድር መኪኖች በደረቅ መንገድ የሚሮጡት ጭራሽ ጥርስ በሌለው ጎማ ነው። ጥርስ ሥራው ውኃ ማስወጣት ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ከጥቅምት እስከ ጥር ጎማውን ሲያምነው ይከርምና የመጀመሪያው ዝናብ፣ አቧራውና ዘይቱ ገና ሳይታጠብ፣ አንድ ቁልቁለት ላይ ያገኘዋል። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥርስ ይኖረዋል። በጥርሶቹ መካከል ያሉት ትናንሽ እብጠቶች ከጥርሱ ጋር እኩል ሲሆኑ 1 ነጥብ 6 ሚሊ ሜትር ቀረ ማለት ነው፤ በብዙ አገር ሕጉ አበቃ የሚለው እዚያ ላይ ነው። በዝናብ የመቆሚያው ርቀት መርዘም የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው።

እኔም መለካት ጀመርኩ። መሣሪያዬ የክብሪት እንጨትና የትምህርት ቤት ማስመሪያ ነው። እንጨቱን ጥርሶቹ መሃል አስገብቼ በጥፍሬ ልኩን እይዝና ማስመሪያው ላይ አነባለሁ። ኪሎ ሜትሩን ደግሞ ከነዳጅ አወጣሁት፤ አባዬ የየዕለቱን ነዳጅ በደብተር ይጽፋል፣ በቀን 8 ሊትር ገደማ ነው። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን ብንል በወር ወደ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከሐምሌ እስከ ኅዳር አምስት ወር፣ 10 ሺህ።

ውጤቱን ሳይ መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ለካሁ። የፊት ግራው ጎማ በውስጥ በኩል 7 ሚሊ ሜትር አለው፣ በውጭ በኩል 5 ነጥብ 5። በውስጥ በኩል የተበላው 1፣ በውጭ 2 ነጥብ 5 ነው። በዚሁ ከቀጠለ የውስጡ ገና ከሁለት ዓመት በላይ ይሄዳል፣ የውጪው ስምንት ወር አይሞላም። ጎማ ደግሞ ግማሹ አልቆ ግማሹ አይነዳም። መሃሉ ቢያልቅ ነፋስ በዝቶበት፣ ሁለቱም ዳር ቢያልቅ ነፋስ አንሶት ነው። አንድ ዳር ብቻ ሲያልቅ ግን ጎማው ቀጥ ብሎ እየተንከባለለ ሳይሆን እየተጎተተ ነው። ወረቀቱን ለአባዬ ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየውና "ጉድጓዷ ናት" አለ። ነሐሴ ላይ ውኃ ሞልቶባት ሳያያት የገባባት ጉድጓድ አለች። በማግስቱ አላይመንት አሠራ። ሲመለስ "አንቺ ልጅ፣ ጋዜጠኝነቱን ትተሽ ጎሚስታ ብትሆኚ ያዋጣሻል" ብሎ ቀለደብኝ። እኔ ግን ለመምህሬ ነበር ያሳየኋቸው። እሳቸውም "ይኸው ዜናሽ" አሉኝ።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ባለ 3813ቱ ጎማ መንታ ነበረው። ያልፈነዳው፣ የኋላ ግራው፣ አዲሶቹ ሲገቡ ወርዶ አሁን ሻንጣ ውስጥ ስኮርት ሆኖ ተቀምጧል። ዕድሜው ያው፣ ስንጥቁ ያው። ጥርሱ አሁንም ያምራል። እንዲጥለው ስንት ጊዜ ለመንኩት፤ በረባሶ ለሚሠሩት እንኳን ሽጠው አልኩት። "ስኮርት እኮ ነው፣ ለክፉ ቀን ነው። ባዶ ሻንጣ ይሻላል?" ይለኛል። መልስ የለኝም፤ ሌላ ጎማ የምገዛበት ብር የለኝማ። በነጭ ጠመኔ ጎኑ ላይ "ከ40 በላይ አይነዳም" ብዬ ጽፌበታለሁ።

ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደንበኛ ይዞ አዳማ ይወርዳል። ማታ የአራቱንም ነፋስ አብረን ለክተናል፤ እኔ መብራት ያዝኩ፣ እሱ ለካ። ሻንጣውን ሲከፍተው ጠመኔው ደብዝዟል። ደግሜ ጻፍኩት።